«ተቀመጪ እማዬ!»፦ ጡንቻና የአረጋውያን አንጎል ምን አገናኛቸው?

የበዓል ቀን ነው። ቤቱ በልጅና በልጅ ልጅ ሞልቷል። እናት የዶሮ ወጡን ድስት ከምድጃ ለማውረድ ብድግ ስትል ሦስት ሰው በአንዴ ይነሳል። «ኧረ ተይው! አንቺ ተቀመጪ እማዬ!» ጡረታ የወጡት ጎረቤት ዘንቢል አንጠልጥለው ሲመጡም የሰፈር ልጅ ሮጦ ይቀበላቸዋል። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። እኛ ዘንድ ታላቅን ማክበር ማለት በአብዛኛው ሥራን ከእጁ መቀበል ነው።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን ይህን ልማድ ትንሽ ይነካዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከበድ ያለ ነገር ማንሳት፣ መግፋትና ከተቀመጠበት ደጋግሞ መነሳት ሲያቆም የሚደክመው እግርና ክንዱ ብቻ አይመስልም። የማስታወስና የማሰብ ችሎታውም ጉዳዩ ውስጥ እንዳለበት የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ነው። በፕሮፌሰር ማሪያ ፊያታሮኔ ሲንግ የሚመራው ቡድን ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 100 ሰዎችን ይዞ ተነሳ። ሰዎቹ የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ገና አልያዛቸውም፣ ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ። ነገር ግን የማስታወስ ችሎታቸው ከዕድሜ እኩዮቻቸው በታች ወርዷል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወደ አልዛይመር የመሄድ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

ግማሾቹ ለ6 ወር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት አነሱ። ለስሙ ያህል አይደለም። አንድ ሰው ቢበዛ ማንሳት ከሚችለው ክብደት 80 በመቶውን ነው ያነሱት፣ ጉልበታቸው ሲጨምርም ክብደቱ አብሮ ይጨመርላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ቀለል ያለ ሰውነት ማፍታቻ ሠሩ። በተጨማሪ ከሁለቱም ወገን ገሚሱ በኮምፒውተር የአእምሮ ልምምድ እንዲያደርግ ተደረገ።

በ2014 በወጣው ውጤት፣ ክብደት ያነሱት ሰዎች በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ ተሻሻሉ። በክትትል የሚሠራው ስፖርት ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲፈተኑም ጥቅሙ አልጠፋም ነበር። የኮምፒውተሩ ልምምድ ለብቻው ይህን ያህል አልሠራም። እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላ ነው፦ ጉልበቱ የበለጠ የጨመረ ሰው፣ አእምሮውም የበለጠ የተሻሻለ ሆኖ ተገኘ።

ቡድኑ የአንጎል ምስልም አንስቷል። ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ፤ አዲስ ነገር የምንመዘግበው በእሱ ነው፣ አልዛይመርም ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱ ነው። በ18 ወር ውስጥ ክብደት ባላነሱት ሰዎች ላይ የዚህ ክፍል አንዳንድ ቦታዎች ከ3 እስከ 4 በመቶ ሲሟሽሹ፣ ባነሱት ላይ ግን መቀነሱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበር። ጭራሽ ያልቀነሰበት ቦታም አለ።

ሌላው በካናዳ፣ ቫንኩቨር ተሠርቶ በ2010 የወጣ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑ 155 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከፋፍለው ሠሩ። አንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ክብደት ያነሳል፣ ሌላው ሁለት ቀን፣ ሦስተኛው ሚዛን መጠበቂያና ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ይሠራል። ፈተናው ቀላል ይመስላል፦ «ቀይ» የሚል ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ ቃሉን ሳታነቡ የቀለሙን ስም መናገር አለባችሁ። እስቲ ሞክሩት። አፍ ቶሎ ብሎ «ቀይ» ሊል ይሮጣል፣ አንጎል ደግሞ ልጓሙን መያዝ አለበት። መንገድ ስንሻገር፣ ሒሳብ ስንከፍል፣ ወሬ መሃል የጀመርነውን ሳንረሳ ስንቀጥል የምንጠቀመው ይህንኑ ችሎታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ያነሱት 12.6 በመቶ፣ ሁለት ቀን ያነሱት ደግሞ 10.9 በመቶ ተሻሻሉ። ሰውነት ያፍታቱት ግን ባሉበት ቀሩ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ መሥራቱ ሰርቷል ማለት ነው።

ለምን? ጡንቻ ዝም ብሎ ሥጋ አይደለም። ሲሠራ ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ከእነሱም የአንጎል ሴሎችን እድገትና ግንኙነት የሚያግዙ እንዳሉ ይታሰባል። ሁለተኛው መንገድ ለኛ ሰው ይበልጥ የሚገባ ነው፦ ስኳር። ከምግብ ያገኘነውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲሟሽሽ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ስኳርና ደም ግፊት ደግሞ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ያም ሆኖ ሳይንቲስቶች ሥራውን በሙሉ ደረጃ በደረጃ ፈትተው አልጨረሱም።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። ዩቲዩብ ላይ እንደሚባለው «ብረት መግፋት አልዛይመርን ያድናል» የሚል ነገር የለም። በ2018 በእንግሊዝ ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ቀድሞ የያዛቸውን 494 ሰዎች ይዞ ጠንከር ያለ ስፖርት ሞክሯል። የሰውነት ብቃታቸው ጨመረ፣ የመርሳቱ ነገር ግን አልዘገየም። ጥቅሙ የሚታየው ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው ለማለት ይህ አንድ ምክንያት ነው። ላንሴት የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽንም በ2024 ባወጣው ሪፖርት ዲሜንሺያን የሚያባብሱና ልንቀይራቸው የምንችል 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። እንቅስቃሴ ማጣት ከ14ቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነትም አሉበት።

«እሳቸው በዚህ ዕድሜ ምን ጉልበት ይጨምራሉ?» ለሚል ሰው መልሱ ከ1990 ጀምሮ አለ። ይቺው ተመራማሪ ያኔ አሜሪካ፣ ቦስተን ሳለች፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ 10 ሰዎችን ክብደት አስነሳች። ዘጠኙ 8 ሳምንቱን ጨረሱ፣ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው ለአረጋውያን ከእርምጃው በተጨማሪ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይላል። ጂም የግድ አይደለም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ቁጭ ብድግ ማለት አንድ ትልቅ ስፖርት ነው። 8 ወይም 10 ጊዜ፣ ከዚያ አረፍ ብሎ መድገም። (ትምህርት ቤት ለቅጣት የሠራነው ቁጭ ብድግ ለእርጅና ይጠቅማል ብሎ ማን አሰበ!) ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ የወንበር መደገፊያ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ወደ ላይ ማንሳት ይቻላል። ባለ አንድ ሊትሩ 1 ኪሎ ነው። ዋናው ነገር መቅለል ሲጀምር ባለ ሁለት ሊትሩን መያዝ ነው፣ ሁልጊዜ ቀላሉን ማንሳት ጡንቻን አያሳድግም። ሲያነሱ ትንፋሽ አይታፈን።

ገጠር እድሜ ልኳን ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የኖረች እናት ይህ ምክር አያስፈልጋት ይሆናል፣ እንዲያውም የሷ ችግር ሸክም መብዛቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጆቿ «ይበቃሻል» ብለው ከተማ ሲያስገቧት፣ ወይም አሜሪካ ወስደው ሶፋ ላይ ሲያስቀምጧት ነው። ውጭ በረዶ ነው፣ ቋንቋው አይገባትም፣ ልጆቹ ሥራ ናቸው። ከገበያ ደርሳ ትመለስ የነበረች ሴት በዓመቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት «እርጅና ነው» እንላለን። እዚያ ያላችሁ፣ አካባቢያችሁ ያለውን የአረጋውያን ማዕከል ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ስፖርት ያሠራሉ። ድስቱንም ለሷ ተዉላት። በጣም ከከበደ አንዱን ጆሮ ያዙላት።

ከመጀመር በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸው አሉ፦ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ አጥንታቸው የሳሳ። ሲሠሩ ደረት ከወጋ፣ ካዞረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ማቆም ነው።

መርሳት የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ ስፖርቱን ብቻ አትጠብቁ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት እጢ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፣ እነዚህ ደግሞ ከታወቁ ሕክምና አላቸው። «አርጅቶ ነው» ከማለት በፊት ያስመርምሩ።