ትልቅ ጎማ ሲገባ ዲፈረንሻሉስ?

265/70 አር 16 ጎማ የነበረው ላንድክሩዘር 315/75 አር 16 ሲገባለት የጎማው ቁመት ከ777 ሚሊ ሜትር ወደ 879 ያድጋል። ጭማሪው 13 በመቶ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው የሚሄደው ርቀት በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ሸክሙ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው። ሾፌሩ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፦ በአምስተኛ ይወጣ የነበረው ዳገት አራተኛ ይጠይቃል፣ ሲነሳም ፍሪሲዮኑ ይለፋል።

መፍትሔው ያለው ዲፈረንሻል ውስጥ ነው። ከካርዳኑ ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥርስ ፒኞን፣ እሱ የሚያዞረው ትልቁ ደግሞ ኮሮና ይባላል። በብዙ የቆዩ ላንድክሩዘሮች ላይ ኮሮናው 37፣ ፒኞኑ 9 ጥርስ አለው። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይሆናል፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ 4.11 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው።

ለትልቁ ጎማ የሚስማማውን ቁጥር ለማግኘት የአዲሱን ጎማ ቁመት ለአሮጌው አካፍሎ ውጤቱን በዚህ ቁጥር ማባዛት ነው። 879 ለ777፣ ሲባዛ በ4.11፣ 4.65 ይመጣል። ለዚህ የሚቀርቡት የተለመዱ ጥርሶች 4.56 (41 ለ9) እና 4.88 (39 ለ8) ናቸው። በአዋሽና ሚሌ ሜዳ ለሚመላለስ መኪና 4.56 ይበቃል፤ በፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ አይጮህም። ለደጋው ግን 4.88ን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ እንደ ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን አካባቢ ይቀንሳል። ጉልበቱን ለመመለስ የናፍታ ፖምፓውን ከፍቶ ነዳጅ ማብዛት ትልቅ ስሕተት ነው። የጎደለው አየር ስለሆነ ትርፉ ናፍታ ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ሞተሩንም ከልክ በላይ ያግለዋል።

ባለቤቶች የሚጠይቁት ስለ ዳገቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። በዚያ መንገድ መኪናውን መያዝ ያለበት በዝቅተኛ ማርሽ የሚሠራው ሞተር ነው፣ ፍሬን ረዳት ብቻ ነው። ትልቁ ጎማ ሁለቱንም ያደክማል፦ ሞተሩ የሚይዝበት ጉልበት በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ፍሬኑም ያንኑ መኪና ለማቆም የበለጠ መጨበጥ ይኖርበታል። ዲፈረንሻሉ ሲቀየር የሞተሩ አያያዝ ይመለሳል። የፍሬኑ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ሸራውንና ዲስኩን ሳያስፈትሹ ጭነት ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ አይገባም።

የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። ጎማው ብቻ ተቀይሮ 80 ሲያሳይ መኪናው 90 እየሄደ ነው። የተጓዘው ኪሎ ሜትርም አንሶ ስለሚቆጠር ነዳጅ ከእውነቱ በላይ የበላ ይመስላል፣ የዘይት መቀየሪያውም ጊዜ ያልፋል። በእነዚህ የቆዩ ላንድክሩዘሮች ቆጣሪው የሚያነበው ከዲፈረንሻሉ በፊት ያለውን ዙር ስለሆነ፣ 4.88 ሲገባ ስሕተቱ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 76 ነው። ለጥንቃቄ ይህኛው ይሻላል።

ከ4.88 በላይ መሄድን አልመክርም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፒኞኑ ያንሳል፣ የሚጨብጡት ጥርሶችም ይቀንሱና ከባድ ጎማ ሲጎትቱ ይሰበራሉ። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ደግሞ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ቁጥር እኩል መሆን አለበት። የኋላውን ብቻ ቀይሮ የፊቱን ወደፊት ለማስገባት ማቆየት ርካሽ ይመስላል፤ ረዳት ማርሹ በደረቅ አስፋልት ላይ በተጫነ ጊዜ ግን ሁለቱ ዲፈረንሻሎች እየተጓተቱ ካርዳን ወይም ጥርስ ይበጥሳሉ። በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ መጠነኛውን 285/75 አር 16 መግዛት ይሻላል፤ ጭማሪው 7 በመቶ ስለሆነ 4.11ን ሳይቀይሩ ብዙዎች ይኖሩበታል።

አዲሱን ጥርስ የሚገጥመው መካኒክ የፒኞኑንና የኮሮናውን ርቀት በመለኪያ ያስተካክል፣ ጥርሶቹ የሚነካኩበትንም ቦታ ቀለም ቀብቶ ይይ። ከዚያ በኋላ ባሉት መጀመሪያዎቹ ጉዞዎች መኪናው ሳይጫን፣ ሳይጎትት፣ እየቆመና እየበረደ ይሂድ፤ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከብረት ብናኙ ጋር ፈስሶ በአዲስ ይተካ።