የእሱን ልክ ማወቅ

የደም ግፊት መለኪያው 135 በ85 ሲያሳይ አብዛኞቻችን "ደህና ነው" ብለን ማሰሪያውን እንፈታለን። አንገቱ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ላይ ግን ይኸው ቁጥር የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ሰው የዘወትር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ የላይኛው ቁጥር ከ90 እስከ 110 መዋሉ የተለመደ ነው። ከራሱ ልክ ከ20 እስከ 40 ከፍ ካለ፣ ሐኪሞች አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚሉት ቀውስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ካልተገታ ደግሞ አንጎል ውስጥ ደም እስከ ማፍሰስ ይደርሳል።

ኳታር ውስጥ በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ በመውደቅ እንዲህ የተጎዱ ሰዎች እንደገና የሚቋቋሙት በዶሃው የሐማድ ሕክምና ኮርፖሬሽን ሥር ባለው የኳታር ተሐድሶ ኢንስቲትዩት ነው። እዚያ ነርሱም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ቅርብ ነው። ቤት ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በብዙ የዶሃ፣ የአል ረያንና የአል ወክራ ቤቶች ቀን ከሌት አጠገባቸው የምትሆነው ከፊሊፒንስ፣ ከኬንያ ወይም ከእኛው አገር የሄደች ሠራተኛ ናት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ሕፃናትና ስለ አረጋውያን ያስተምራል እንጂ፣ ገና ያልተገናኘችውን አንድ ሰው ሊያስተምራት አይችልም። የቀረው ሥልጠና መሰጠት ያለበት እዚያው ቤት፣ እዚያው አልጋ አጠገብ ነው።

ቀውሱ እንዴት እንደሚነሳ እንመልከት። መነሻው ብዙ ጊዜ የታጠፈ የሽንት ቱቦ ነው። ፊኛው ይሞላል፤ ሰውየው አይሰማውም። ከፊኛው የሚነሳው መልእክት ወደ ላይ ሲጓዝ ጉዳቱ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከጉዳቱ በታች ያሉት ነርቮች ግን የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቁ የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፤ ግፊቱም ያሻቅባል። አንጎል ይህን ሲያውቅ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ከጉዳቱ በላይ ያሉ የደም ሥሮችን ያሰፋል። "ዘና በሉ" የሚለው ትእዛዝ ወደ ታች ማለፍ ስለማይችል ግን ችግሩ አይፈታም። ስለዚህ ፊቱ ይቀላል፣ ግንባሩ ያልበዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ከታች ቆዳው ገርጥቶ ይቀዘቅዛል። ይህ የሚታየው በአብዛኛው ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

አሁን አንዲት ደግ ልብ ያላት ተንከባካቢ ምን እንደምታደርግ አስቡ። ራሱን ያመመውን ሰው ታስተኛዋለች። እዚህ ላይ ማስተኛት ግፊቱን ያባብሰዋል። ትክክለኛው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ እግሩን ወደ ታች ማውረድ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ማላላት፣ ከዚያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ነው። ቱቦው ደህና ከሆነ ሆድ ድርቀት፣ ቁስል፣ የተቀረቀረ ጥፍር፣ የጠበበ ጫማ ይፈለጋል። ግፊቱ ካልወረደ ወደ ኳታር የአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ይደወላል።

እስካሁን ያልኩት ግን ስለ በሽታው ነው፤ ስለ ሰውየው ገና አልነካሁም። አንዱ ላይ ቀድሞ የሚታየው ክንዱ ላይ ፀጉሩ መቆሙ ነው፣ ሌላው አፍንጫው ይታፈናል፣ ሌላው ደግሞ ድንገት ይነጫነጫል። ይህን የሚያውቀው ራሱ ነው፤ እኔ እንደማምነው የመጀመሪያው አሠልጣኝ መሆን ያለበትም እሱ ነው። ተንከባካቢዋ ለተከታታይ ቀናት ጠዋት ተኝቶ፣ ከዚያም ተቀምጦ ሳለ ግፊቱን ለክታ በእጇ ትጻፍ። ያኔ የእሱን ልክ ከመዝገብ ሳይሆን ከራሷ ሥራ ታውቀዋለች።

የዶሃ ሙቀት ሌላ ትምህርት ይጨምራል። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች አያልበውም፤ ስለዚህ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርሰው የሐምሌ ቀን ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ቴርሞሜትሩን እንጂ የራሷን ስሜት መከተል አትችልም፤ እሷን ገና ሳይሞቃት እሱ ግሎ ሊሆን ይችላል። "በውኃ አቀዝቅዢው" የሚለው የመጽሐፍ ምክርም እዚያ ቤት አይበቃም። በበጋ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚመጣው "ቀዝቃዛ" ውኃ ይፋጃል፤ ሰውየው ደግሞ ቆዳው ሲቃጠል አይሰማውም። ብዙ የዶሃ ነዋሪ በበጋ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ቤት ውስጥ ባለው የማሞቂያ በርሜል የቀዘቀዘውን ውኃ ይጠቀማል። ይህን የምታውቀው ከሌላ አገር የመጣው አሠልጣኝ ሳይሆን ቤቱን የምታጥበው ሴት ናት። የእሷ እውቀት ሥልጠናው ውስጥ መግባት አለበት።

አንድን ሰው በራሱ ልክ መመዘን በሌሎችም ሕመሞች የታወቀ ነገር ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ኦክስጅን ሲሰጠው፣ ለብዙ ሕሙማን ከ94 እስከ 98 በመቶ የሚፈለገው መጠን ለእሱ ከ88 እስከ 92 ይሆናል። መናገር ለማይችሉ ሕፃናት ደግሞ ፊትን፣ እግርን፣ እንቅስቃሴን፣ ለቅሶንና መጽናናትን ከ0 እስከ 10 የሚመዝን የሕመም መለኪያ አለ። በኋላ ሲሻሻል ወላጆች የልጃቸውን የራሱን ምልክት እንዲጨምሩበት ተደርጓል፤ አንዱ ልጅ ሲያመው አይጮኽም፣ ጸጥ ይላልና።

ተንከባካቢዋ እንዴት ትሠልጥን ለሚለው፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን እ.ኤ.አ. በ1998 የጻፈው ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ለዶሃ ቤቶች የተመቸ ይመስለኛል። አሠልጣኙ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ቀጥሎ እያብራራ ይሠራል፤ ሦስተኛ ሠልጣኟ ደረጃውን ትናገራለች፣ እሱ እንዳዘዘችው ይሠራል፤ በመጨረሻ ራሷ ትሠራለች። ሦስተኛው ደረጃ ወርቅ ነው። አሠሪ ቤት ውስጥ በተለመደችው አረብኛ "ገባሽ?" ስትባል "አዎ" ማለት ቀላል ነው፤ ማዳምን ማሳዘን የሚፈልግ የለም። እጇ ሥራውን ከመንካቱ በፊት በአፏ ስትመራው ግን የሳተችው ነገር ማንንም ሳይጎዳ ይገለጣል። የቆመ ልብን መልሶ የማንቀሳቀስ ሥልጠና ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክህሎት ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ መድከም እንደሚጀምር አሳይተዋል፤ ስለዚህ እምብዛም የማይከሰተውን ቀውስ በየጊዜው መለማመድ ያስፈልጋል። ቱቦው ወይም መድኃኒቱ በተለወጠ ቁጥርም ብቃቷ እንደገና መታየት አለበት።

ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን አይበቃም። የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2017ቱ ቁጥር 15፣ የሥራ ቀኑን በ10 ሰዓት ይገድባል፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት፣ በዓመት ደግሞ 3 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። እሷ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄድ፣ ሌሊት ስትተኛ ወይም አገር ቤት ስትገባ እኩል የሰለጠነ ሌላ ሰው ከሌለ፣ ወይ እሱ ለአደጋ ይጋለጣል ወይ እሷ መብቷን ታጣለች። በተግባር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ልቧ ስለማይፈቅድ ትቀራለች። ስለዚህ ነርሱ ለሥልጠና ሲመጣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ፣ በእጁም ይሥራ። ለሥልጠናው የሚውለው ሰዓት ከ10ሩ የሥራ ሰዓት ይቆጠርላት፤ ከእንቅልፏ አይወሰድ።