ሌዘር ገዢው ከዋጋው በፊት ምን ይጠይቅ?

የዓለም የሌዘርና የኦፕቲክስ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ የሚገናኙበት የጀርመኑ የሙኒክ ኤግዚቢሽንና ጉባኤ ቀጣዩ ዙር እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። ዝግጅቱ በ1973 የተጀመረ ሲሆን የመጨረሻው የተካሄደው በሰኔ 2025 ነበር። ለአገራችን አስመጪ ግን ሙኒክ በቪዛውም በወጪውም ይከብዳል፤ ለኪስ የሚቀርበው በየዓመቱ ሻንጋይ ላይ የሚካሄደው የዚሁ ኤግዚቢሽን አካል ነው።

ነገሩ የወልቂጤንና የቡታጅራን ነጋዴ የሚመለከተው በበርና መስኮት ሥራ በኩል ነው። በግራይንደርና በብየዳ የሚሠራ ባለሙያ ላሜራን በጌጥ ቅርጽ ለመቁረጥ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሌዘር ያንኑ ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ይሁንና በገበያ «ሌዘር» ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ አንድ አይደለም። ርካሹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ለእንጨት፣ ለቆዳ፣ ለአክሪሊክ ማስታወቂያና ለማኅተም ጎማ የሚሆን ነው። የዚህ ዓይነት አነስተኛ ማሽን ላሜራ አይቆርጥም። ላሜራ የሚቆርጠው ፋይበር ሌዘር ሲሆን እሱ ደግሞ ጥርት ባለ አክሪሊክ ላይ አይሠራም። ይህን ሳይለይ በደላላ ቃል ብቻ ቀብድ የከፈለ ሰው ለበር ሥራ የማስታወቂያ ማሽን ይዞ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመብራት ነው። 3 ኪሎዋት የተባለ ፋይበር ሌዘር ከመስመር የሚወስደው 3 ኪሎዋት ብቻ አይደለም፤ ማቀዝቀዣው፣ ኮምፕሬሰሩና ሞተሮቹ ሲደመሩ ፍጆታው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ስሪ ፌዝ መስመርና ስታቢላይዘር ሳይዘጋጅ ፕሮፎርማ ማስመጣት ጋሪውን ከበሬው ማስቀደም ይሆናል። መከላከያ መስታወቱና የመቁረጫ አፉም አላቂ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ በመውረዱ፣ መለዋወጫ አብሮ ያልገዛ ሰው በኋላ የሚከፍለው ከዛሬው ስሌት ሊርቅ ይችላል። የአንድ ዓመት አላቂ ዕቃ በዋናው ውል ውስጥ ይግባ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥቂት ገዢዎች ብቻ የሚያነሱት ሦስተኛው ጉዳይ ዓይን ነው። ቡታጅራ በግራርቤት የዓይን ሆስፒታሏ የታወቀች ከተማ ናት፤ የሞራ ግርዶሽ እንደሚቀዶለት ሁሉ በሌዘር የተቃጠለም ይድናል ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ተሳስቷል። የፋይበር ሌዘር ጨረር አይታይም፤ ከላሜራው ነጥሮ እንኳ እስከ ዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ይደርሳል፣ የተቃጠለው ሬቲናም በቀዶ ሕክምና አይመለስም። የብየዳ መነጽርም አይተካውም። ሻጩ የሚሰጠው መነጽር የሚከላከለው የሞገድ ርዝመት በላዩ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ለፋይበር ሌዘር ይህ ቁጥር 1070 ናኖሜትር አካባቢን የሚያካትት ነው። ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10,600 ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም።