የ45 ቀን ጫጩት

ዕድሜዬን በእንስሳት ጤና ሥራ አሳልፌ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ባምቢስ ያለው ቤቴ የዶሮ ክሊኒክ ሆኗል። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ የገዛውን ዶሮ አንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ዓይኗን ይዩልኝ» እያለ ይመጣል። በቀደም ዕለት ደግሞ አንዷ በቁጣ መጣች። «ጋሼ፣ ያ ክትባት የሚሉት ዝም ብሎ ውሃ ነው እንዴ? የፈንግል ተከትበዋል ብሎ ነው የሸጠልኝ። ይኸው በፈንግል አለቁብኝ!»

የገዛቻቸው የ45 ቀን ጫጩቶች ናቸው። «ስትገዢያቸው እኩል ነበሩ?» አልኳት።

«የት እኩል! ግማሾቹ ድንክ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ነጭ ነጭ አስቀምጧቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል ብሎኛል።»

ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥም። ሐሳቤ ግን ወዲያው ጉምቦሮ ወደሚባለው የዶሮ በሽታ ሄደ።

ፈንግልን አያቶቻችንም ያውቁታል። ጉምቦሮ እንግዳ ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ውስጥ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ላይ እጅግ የከፋ ዘሩ ተነሥቶ አብዛኛውን ዓለም አዳረሰ። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ደብረ ዘይት በአንድ የግል እርባታ ገብቶ፣ ከ20 እስከ 45 ቀን ዕድሜ ከነበራቸው ጫጩቶች ግማሽ ያህሉን ፈጀ። ደብረ ዘይት ማለት ደግሞ ጫጩት ወደየክልሉ የሚበተንበት ከተማ ነው።

የሚመታው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉትን ነው። ጫጩቱ ላባው ይቆማል፣ ይኮራመታል፣ ነጭ ውሃ ያስቀምጠዋል፣ የገዛ ቂጡን ይጠቀጥቃል። ሞቱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይበረታና በሳምንት ውስጥ ያበቃል። ባለቤቱም አለፈልኝ ብሎ እፎይ ይላል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን የተረፉት ናቸው።

ከዶሮ መቀመጫ በላይ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለች። ለብዙ ዘመን ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 ብሩስ ግሊክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ቡርሳዋ የወጣላት ዶሮ በሽታን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል በቅጡ እንደማታመርት አሳዩ። የሰውንም የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ለመረዳት በር የከፈተው ይኸው የዶሮ ጥናት ነው፤ ዶሮን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የጉምቦሮ ቫይረስ ዒላማው ይህች ከረጢት ናት። መጀመሪያ ታብጣለች፤ በሳምንት ገደማ ሟሙታ ከቀድሞዋ ሲሶ ታክላለች። ከሦስት ሳምንት በታች ያለ ጫጩት ሲያዝ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። እንዲህ ላለ ጫጩት የፈንግል ክትባት ብትሰጠው፣ ክትባቱን ተቀብሎ መከላከያ የሚሠራለት አካል የለውም።

ለዚህ ነው ጎረቤቴን «ክትባቱን አትርገሚ» ያልኳት። ውሃ ነው ያለችው ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ጉምቦሮም ሆነ ፈንግል ብዙውን ጊዜ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሕያው ክትባት አላቸው፤ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ወይም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት የተጨመረበት ውሃ ያስፈልጋል፤ ከተበጠበጠም በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች ስለሚሆን፣ ሃያ ጫጩት ያለው ሰው ብቻውን ከሚገዛ ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጦ በአንድ ላይ ቢያስከትብ ይሻላል። ቀኑን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ጫጩቶቹ ከእናታቸው የወረሱት መከላከያ ሳይቀንስ ቢሰጥ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ ቢዘገይም ቫይረሱ ይቀድማል።

«ሥጋቸውስ ሰው ይጎዳል?» አለችኝ። ጉምቦሮ ሰው አይዝም። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲናፈስ የዶሮ ገበያው እንዴት እንደቀዘቀዘ ስለማስታውስ፣ ይህን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። የታመመና የሞተ ዶሮ ግን በምንም ምክንያት ቢሆን ድስት አይገባም።

የቀረችውን አንድ ድንክ በሕይወት እያለች ሰበታ ላለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እንድታስመረምር መከርኳት። ቫይረሱ በዶሮ ቤት ውስጥ እስከ አራት ወር ስለሚቆይ፣ ሰጋቱራውን አውጥታ እንድታቃጥል፣ ቤቱን በሳሙና አጥባ በረኪና እንድትረጭ፣ አራት ወሩ እስኪያልፍም ሌላ ጫጩት እንዳታስገባ ነገርኳት።

«አራት ወር! ፋሲካ አይደርስልኝማ» አለች።

«ለፋሲካ ከሾላ ገበያ ትገዢያለሽ» አልኳት።