ቆሼ ሳይደርስ፦ ነዋሪንና ተማሪን ቆሻሻ መለየት ስለማስተማር

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ ላይ የሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቦታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ነው። በ2008 ዓ.ም. እንዲተካው ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው ማስወገጃ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙት በወራት ውስጥ ሥራ አቁሞ ጭነቱ ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ ሲነደፍ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲቀበል ታስቦ ነበር።

መጣያ ማዛወርም ሆነ ማቃጠል ችግሩን የሚይዘው ከጅራቱ ነው። ራሱ ያለው በጓዳ፣ በሱቅና በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከምትጥለው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የምግብ ትራፊ። ይህ እርጥብ ስለሆነ ለማቃጠል አይመችም፤ ታምቆ ሲከመር ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ከወረቀትና ከፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሊሸጥ ይችል የነበረውንም ያበላሻል። ስለዚህ ነዋሪው ማወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር አንድ ነው፤ እርጥቡን ከደረቁ መለየት። እንዴት ያውቀዋል? ዕውቀቱስ እንዴት ልማድ ይሆናል? ይህ ዳሰሳ በአዲስ አበባ ያለውን ሁኔታና በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱ ከተሞችን ልምድ ይቃኛል።

ያለ ፖስተር የተማርነው

አዲስ አበባ መልሶ መጠቀምን ከማንም አልተዋሰችም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ጫማ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተቀደደ ቆርቆሮና ጠርሙስ እየገዛ ጆንያው ውስጥ ይከታል። ልዋጭ የሚሉት ደግሞ ያረጀ ልብስ ተቀብለው ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣሉ። የተሰበሰበው ዕቃ ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። የመኪና ጎማም ተሰንጥቆ በረባሶ ሆኖ ይወጣል።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ባዶውን ይዞ ያልመጣ ገዢ ማስያዣ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጠርሙስ የሚጥል ቤት የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ማንም ሴሚናር አላዘጋጀም። ነዋሪው የተማረው ዕቃው ዋጋ እንዳለው፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነና መቼ ደጃፉ እንደሚመጣ በዓይኑ ስላየ ነው። የሚከተለው ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ የቆመ ነው፤ ሰው የለየው ነገር የት እንደሚደርስ ካየ ይለያል፣ ካላየ ይተወዋል።

ደጃፍ ላይ የሚቆመው ጋሪ

ቆሻሻውን ከየቤቱ የሚያነሡት በማኅበር የተደራጁ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። በጋሪ ሰብስበው ገንዳ ያደርሳሉ፣ ከገንዳው ደግሞ የከተማው መኪና ያነሣዋል። ጋሪውን ቀረብ ብሎ ላየው ጎኑ ላይ ጆንያዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ለሃይላንድ፣ አንዱ ለካርቶን፣ አንዱ ለብረታ ብረት። ሠራተኛዋ የታሰረውን ፌስታል ፈትታ፣ እጇን በወጥ ትራፊና በዳይፐር መካከል ሰዳ የሚሸጠውን ታወጣለች። ወጥ የነካው ካርቶን ዋጋ የለውም። ዘይት የነካውን ሃይላንድ ገዢው አይቀበላትም። በፌስታሉ ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆ ካለ የምታውቀው እጇ ሲቆረጥ ነው።

ጓዳ ውስጥ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ልየታ ለእሷ የገቢና የጤና ጉዳይ ነው። ይህን ለነዋሪው መንገር ስለ ምድር ሙቀት ከሚሰጥ ረጅም ንግግር ይልቅ ልብ ይገባል፤ ሠራተኛዋን በየሳምንቱ ያያታልና።

እዚህ ላይ የዘመቻዎቻችን አንድ ትልቅ ክፍተት አለ። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአባወራው በስብሰባ፣ ለወጣቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። በብዙ ቤት ቆሻሻውን በእጇ የምትይዘው ግን የቤት ሠራተኛዋ ወይም እናት ናት፤ ከስብሰባውም ከስልኩም ራቅ ያለች። እሷ ያልሰማችው ትምህርት ለዚያ ቤት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። በአንጻሩ እድር፣ የቡና ጠጡ ጉርብትና፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር ሁሉም ሰው የሚደርስባቸው መንገዶች ናቸው። በተለይ እድር መልእክት ከማድረስ አልፎ «በእኛ ሰፈር እንዲህ ይደረጋል» የሚል ደንብ ማስያዝ ይችላል፤ ደንብ ደግሞ ከምክር ይጠነክራል።

ሕጉ የሚለውና የሚጎድለው

የሕግ መሠረት ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። የጠርሙስና የጣሳ አምራቾችና አስመጪዎችም ያገለገለውን መልሰው የሚሰበስቡበት ሥርዓት እንዲዘረጉ አስገደደ፣ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ፌስታል ደግሞ ከለከለ። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያ ሳይጠፋ ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ የፌስታል ክልከላውን አጠናክሮ ይዞ በሚገኝ ግለሰብ ላይ ጭምር የገንዘብ ቅጣት አስቀምጧል።

ክልከላ ሊሠራ እንደሚችል ሩዋንዳ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ፌስታልን ከልክላ፣ ድንበርና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሳይቀር እየፈተሸች ዋና ከተማዋን ኪጋሊን በንጽሕና ስሟ የሚጠራ ከተማ አደረገች። ከቁጥጥሩ ጋር አብሮ የሄደ ነገር ነበር፤ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነዋሪው ወጥቶ የሚሠራበት ኡሙጋንዳ። የጋራ ሥራው ሲያበቃ ነዋሪዎች ስለ ሰፈራቸው ይመካከራሉ፤ ሕጉም እዚያ ይብራራል። ቅጣት ብቻውን የሚያስተምረው መደበቅን ነው። እኛ ዘንድም ደንብ አስከባሪው ከመድረሱ በፊት ዘንቢሉ መድረስ አለበት፤ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት በምን አድርጋ እንደምትሰጥ መልስ ካላገኘች፣ ሕጉ የሚያስከፍላት ለሌለ አማራጭ ነው።

ትምህርት ቤት፦ ከመፈክር ወደ ሚዛን

በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ ሚኒ ሚዲያ አለ፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ የሚነበብ ግጥም አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ተማሪው የራሱን ቆሻሻ የሚያይበት አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውና በብዙ አገሮች የተስፋፋው «ኢኮ ስኩልስ» የተባለው መርሐ ግብር እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ኮሚቴውን የሚመሩት ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸውም ፖስተር መሳል ሳይሆን ትምህርት ቤቱን መፈተሽ ነው፤ ምን ይጣላል፣ ምን ያህል፣ ከየት ይመጣል። ከዚያ ዕቅድ ይወጣል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይለካል።

ይህን ለማድረግ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የአንድ ቀን ቆሻሻ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ ጓንት ያደረጉ ተማሪዎች በዓይነት ይለዩታል፤ በእህል ሚዛን ይመዝኑታል፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ያን ቀን የሒሳብ መምህሩ መቶኛን፣ የሳይንስ መምህሯ መበስበስን፣ የሥነ ዜጋ መምህሩ ኃላፊነትን ያስተምራሉ። ከወር በኋላ እንደገና ሲመዘን ልዩነቱን የሚያዩት ራሳቸው ናቸው።

የተማሪዎች ምገባ ባለባቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጥሬ ዕቃው በየቀኑ ከወጥ ቤት ይወጣል። የአትክልት ልጣጩ ከደረቅ ቅጠልና ከሣር ጋር እየተነባበረ ይከመራል፤ ደረቁ በመጠን ከእርጥቡ በለጥ ማለት አለበት። በቂ አየር ካገኘ በቀናት ውስጥ መሐሉ ይሞቃል፤ እጅ ሲጠጋው ይሰማል። እርጥበቱ የሚታወቀው በመጨበጥ ነው። አንድ እፍኝ ተጨምቆ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል፤ ጭብጡ ሳይያያዝ ከፈረሰ ደርቋል። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነውና ይገለበጣል፤ ደረቅ ቅጠልም ይጨመርበታል። ውሎ አድሮ የአፈር ሽታ ያለው ጥቁር ብስባሽ ይሆንና በትምህርት ቤቱ ጓሮ ለተተከለው ጎመን ይሰጣል። ያን ጎመን ያየ ልጅ ልጣጭ ቆሻሻ ነው ቢሉት አይቀበልም፤ ቤቱም ገብቶ እናቱን ያስተምራል።

ጃፓን ውስጥ ልማዱ ከዚህም ቀላል ከሆነ ነገር ይጀምራል። ተማሪዎች መማሪያ ክፍላቸውን የሚያጸዱት ራሳቸው ናቸው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የምሳ ወተታቸውን ጠጥተው ካርቶኑን ከፍተው፣ አጥበውና አድርቀው ለመልሶ ማምረት ያስቀምጣሉ። በየቀኑ ስለሚደረግ ትምህርት መሆኑ እንኳ ይረሳል።

የተሳካላቸው ከተሞች

የብራዚሏ ኩሪቲባ በከንቲባ ዣይሜ ሌርኔር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ነዋሪው ደረቁን ከእርጥቡ እንዲለይ የጠየቀ መርሐ ግብር ጀመረች። ትምህርቱን የጀመረችው ከልጆች ነበር። የመሰብሰቢያ መኪና መግባት በማይችልባቸው የድሆች ሰፈሮች ደግሞ ቆሻሻውን ራሱ ነዋሪው እንዲያወጣ የአውቶቡስ ቲኬት ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1991 በተጀመረው ሌላ መርሐ ግብር 4 ኪሎ መልሶ የሚመረት ዕቃ ያመጣ ሰው 1 ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይወስዳል። አትክልቱ የሚገዛው በከተማዋ ዙሪያ ካሉ አነስተኛ ገበሬዎች ስለሆነ ጥቅሙ ለእነሱም ደረሰ።

የኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ በቤት ውስጥ ብስባሽ ላይ አተኮረች። ጃፓናዊው ባለሙያ ኮጂ ታካኩራ በአካባቢው በሚገኙ ተሕዋስያን የሚሠራ ትንሽ የኮምፖስት ቅርጫት አዘጋጀ። ቅርጫቱን ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ ያስለመዱት በሺዎች የሚቆጠሩ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። የከተማዋ ቆሻሻም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉልህ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በከተማ አውቶቡስ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተከፍሎ መሳፈር ተቻለ።

የታይዋኗ ታይፔይ ኪስን አስተማረች። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ነዋሪው ቀሪ ቆሻሻውን የሚያወጣው ገዝቶ በሚይዘው የከተማው ከረጢት ነው፤ የለየውን ግን በነፃ ያስረክባል። መኪናው በታወቀ ሰዓት ሙዚቃ እያሰማ ሲመጣ ሁሉም በእጁ ይዞ ይወጣል። ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሳሳይ የከረጢት ክፍያ አምጥታ፣ በ2005 የምግብ ትራፊ በቀጥታ እንዳይቀበር ከለከለች። ዛሬ በዋና ከተማዋ በሶል በብዙ አፓርትመንቶች የምግብ ትራፊ የሚቀበለው ሣጥን መዝኖ ለየቤቱ ሒሳብ ያወጣል።

እነዚህ ከተሞች በሀብትም በባህልም ይለያያሉ። ትምህርታቸው ግን በሦስት ነገር ይገናኛል። ከነዋሪው የጠየቁት ጥቂትና ግልጽ ነገር ነበር። ትምህርቱን ያደረሰው የሚታወቅ ፊት፣ ጎረቤት ወይም ልጅ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ነዋሪው በለየ ማግስት የሚቀበለው መኪና፣ ገበያ ወይም ቅርጫት ዝግጁ ነበር።

ትምህርት የሚፈርስበት ቦታ

አንዲት እናት እርጥቡን በአንድ፣ ደረቁን በሌላ ዕቃ ለይታ ብታስረክብና ሁለቱ ዓይኗ ፊት አንድ ገንዳ ውስጥ ቢገለበጡ፣ ዳግመኛ እንድትለይ ማሳመን ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። በትምህርት ቤትም በቀለም የተለዩ ሦስት ቅርጫቶች ተቀምጠው ማታ ላይ ሁሉም አንድ ጉድጓድ ገብተው ሲቃጠሉ፣ ተማሪው የሚማረው ትልልቅ ሰዎች የሚናገሩትን እንደማያደርጉት ነው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳግ ማኬንዚ ሞር ለረጅም ጊዜ እንደጻፈው፣ መረጃ ብቻውን ባሕርይ አይለውጥም። አስቀድሞ እንቅፋቱን ፈልጎ ማንሣት፣ ከዚያ የሰውን የቃል ኪዳንና የጎረቤት ምሳሌነት ኃይል መጠቀም ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ ትልቁ እንቅፋት ያልተለየ ጋሪና ያልተለየ ገንዳ ነው።

የብስባሽ ሥራም በዚሁ ይፈተናል። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ የከተማ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት ለመለወጥ በተዘረጋ ፕሮጀክት ታቅፈው ነበር። ማንኛውም ገበሬ ግን የጠርሙስ ስባሪና የፌስታል ቁራጭ ያለበትን ብስባሽ ማሳው ላይ አይበትንም። ጥራቱ የሚወሰነው ማምረቻው ውስጥ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጓዳ ነው።

ከየት ይጀመር?

ሥራው በትንሽ ቦታ፣ ሙሉ ሆኖ ቢጀመር ይሻላል። አንድ ወረዳ፣ በውስጡ ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ እድሮችና የጽዳት ማኅበራት አብረው ይቀመጡ። መጀመሪያ ጋሪው ለሁለት ይከፈል፤ እርጥቡ የሚሄድበት የብስባሽ ቦታ፣ ደረቁ የሚሸጥበት ገዢ ይታወቅ። ቆራሌዎችም እንደ ሕገ ወጥ ሳይታዩ የሥርዓቱ አካል ይሁኑ፤ የትኛው ፕላስቲክ እንደሚሸጥና የትኛው እንደማይሸጥ ከእነሱ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ ትምህርት ቤትም እንግዳ መምህር አድርጎ ቢጋብዛቸው ያተርፋል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ይመዝን፣ የእድሩ ዳኛ ደንብ ያስይዝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደጃፍ ላይ ቆማ «ይኼ እዚህ፣ ያ እዚያ» ትበል። ውጤቱ በየወሩ ለነዋሪው በኪሎ ይነገር፤ ምን ያህል ተለየ፣ ምን ያህል ተሸጠ፣ ገንዘቡ ለማን ደረሰ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለአስተዳደሩ ነው። ነዋሪው ቆሻሻ እንዲለይ የሚያስተምር አካል፣ የተለየው እንደማይቀላቀል ቃል መግባትና ቃሉን መጠበቅ አለበት። የአዲስ አበባ ሕዝብ ጠርሙስና ቆርቆሮ ማን እንደሚቀበለው ስላወቀ ያለማንም ግፊት ሲለይ ኖሯል፤ ለልጣጩና ለሃይላንዱም ተቀባይ ካገኘ ከማንም ከተማ ሕዝብ አያንስም።