በየወሩ የምትሸሸው 12

ጎግል ካላንደርን ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ካላንደሩን ለሕዝብ ክፍት ማድረግና ከቅንብሩ የሚገኘውን ኮድ ገጹ ላይ ማሳረፍ ነው። ኮዱ ይዞት የሚመጣው ስፋት 800 ፒክስል ስለሆነ በስልክ ለሚያየው ሰው ይቆረጣል፤ ስፋቱን መቶ በመቶ አድርጎ በወር ሠንጠረዥ ፋንታ የዝርዝር እይታውን መምረጥ ይበጃል። በገጹ ስታይል ቀለሙን ሊቀይሩ የሚታገሉ ግን በከንቱ ይደክማሉ። ካላንደሩ ከሌላ ሰርቨር በራሱ ፍሬም የሚመጣ በመሆኑ ገጹ ወደ ውስጥ ገብቶ አይነካውም።

ከቀለም የከፋው ስህተት ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ የዘመን አቆጣጠሩንም የኛ ያደርገዋል ብሎ ማመን ነው። ቋንቋ ሲቀየር የሚገኘው «ሴፕቴምበር» በፊደላችን ተጽፎ ነው፤ መስከረም አይመጣም። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ላይ በየወሩ በ12 የሚሰበሰብ የሚካኤል ማኅበር ገጽ አለው እንበል። ጸሐፊው መስከረም 12 ቀን 2018ን ሴፕቴምበር 22 ብሎ ያስገባና «በየወሩ ይደገም» ይላል። ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ላይ ስለሚውል ደህና ነው፤ ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ነውና ካላንደሩ ማኅበርተኛውን በ13 ይጠራዋል። መላው እዚያው ካላንደሩ ውስጥ አለ፦ «በየወሩ» በሚለው ፈንታ «በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ» ማለት። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ እስከ ነሐሴ 12 ድረስ ዝንፍ አይልም፤ ጳጉሜን ካለፈች በኋላ እንደገና ማስጀመር ነው። ዓመታዊውም አይታመንም። «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» የተባለ እንቁጣጣሽ በ2027 እ.ኤ.አ. ጳጉሜን 6 ላይ ያርፋል። መውሊድና ሁለቱ ኢዶች ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ስለሚመጡ በየዓመቱ በእጅ ከመግባት ሌላ መንገድ የላቸውም፤ በምዕራብ ሐረርጌ ይህን የሚዘነጋ ገጽ ግማሽ ካላንደር ነው የያዘው።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። የጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባን «3 ኤኤም» ብሎ የሚያስገባ ግዴለሽ፣ ሰውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀጥሮታል። አንዳንዱ የሰዓት ቀጠናውን ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ወደ ሳኦ ፓውሎ መልሶ፣ 9 ኤኤም ያስገባው «3 ኤኤም» ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። ብልሃቱ አይናቅም፤ ሌሊቱን እንኳ እንደኛ ልማድ ካለፈው ቀን ጋር ይቆጥረዋል። ግን ሚኒሶታ ያለ የጭሮ ልጅ ያንኑ ገጽ ከፍቶ ከስር የብራዚል ሰዓት የሚል ሲያነብ ምን ብሎ ያስላ? ቀጠናውን አዲስ አበባ ላይ ትቶ «ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት» የሚለውን በርዕሱ ውስጥ መጻፍ ይሻላል።

«ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ቴሌግራም ለማሳወቅ ወደር የለውም፤ ቀጠሮ ሲቀየር ግን አሮጌው መልእክት ከሒርና እስከ ገለምሶ በየግሩፑ ተላልፎ እዚያው ይቀራል። የተለጠፈው ካላንደር አንድ ቦታ ሲታረም በተለጠፈበት ገጽ ሁሉ ይታረማል። ቴሌግራም ላይም ማስታወቂያውን በጽሑፍ ከመድገም የገጹን ሊንክ መላክ ይበቃል።