በቡኢ ከተማ ኬክ መጋገርን ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ስለ መማር

የባልትና ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ከእናት ወደ ልጅ፥ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረ ነው። ልጂቱ ሊጡ ሲቦካ፥ ምጣዱ ሲግል፥ ድፎው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሲበስል አጠገብ ቆማ እያየች ትማር ነበር እንጂ ሙያው በመጽሐፍ ተጽፎ አልተሰጣትም። በዚህ በእኛ ዘመን ግን ሁለተኛ አስተማሪ ወደ ቤት ገብቷል፤ ይኸውም በእጅ ስልክ የሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወይም ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ የተባለው የቪዲዮ ማሳያ በ1997 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ኬክ መጋገርንና ማስጌጥን የሚያስተምሩ ባለሙያዎች በየቋንቋው በዝተዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ጢያን አልፎ በሶዶ የምትገኘው የቡኢ ከተማ ለዚህ ጕዳይ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። በየአገሩ ተበትኖ የሚሠራው የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ፥ ሠርግም ሆነ ክርስትና ሲደገስ፥ ከእንጀራውና ከክትፎው ጐን ኬክ ማቅረብ ዛሬ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ የምትኖር ወጣት አዲስ አበባ ሄዳ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ዋጋ ሳትከፍል የባለሙያውን እጅ በቤትዋ ሆና ለማየት መቻልዋ ትልቅ ጥቅም ነው። ሙያውን ጠንቅቃ ብትይዘው ቤተ ሰብዋን ታስደስትበታለች፤ ከጎረቤት ትእዛዝ ተቀብላም የራስዋን ገንዘብ ታገኝበታለች።

ዳሩ ግን ብዙዎች ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቈርጥ አንድ ነገር አለ። እንቍላሉ፥ ስኳሩና ቅቤው በውድ ዋጋ ተገዝቶ፥ ሁሉም በቪዲዮው እንደ ታዘዘ ተደርጎ ሳለ፥ ኬኩ በምድጃው ውስጥ በፍጥነት ይነሣና መካከሉ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይሰረጉዳል። ልጂቱም «እኔ እጄ አይሆንልኝም» ብላ ትተወዋለች። ቤተ ሰቡም ገንዘቡ በከንቱ ጠፋ ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጅዋ ሳይሆን የአገሩ ከፍታ ነው።

ምክንያቱን እንግለጥ። ከቪዲዮዎቹ አብዛኞቹ የተሠሩት በባሕር ጠረፍ ወይም በቆላ ባሉ ከተሞች ነው። ቡኢ ግን ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ውሃም በ100 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ ያለው የአየር አረፋ ከልክ በላይ ያብጣል፤ ኬኩ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳና ይወድቃል። ውሃውም ፈጥኖ ስለሚተን የስኳሩ ብዛት የኬኩን አቋም ያላላዋል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ቤኪንግ ፓውደር ከተባለው ማስነሻ ዱቄት በየአንዱ የሻይ ማንኪያ ሩቡን መቀነስ፤ ከአንድ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ማጕደል፤ በአንድ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ መጨመር፤ የምድጃውንም ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማድረግ ነው። በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ የሚኖሩ እመቤቶች ይህንኑ መከተል ይገባቸዋል።

ስለ መስፈሪያም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ባለሙያዎች «ኩባያ» የሚሉት 240 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን የእኛ የሻይ ብርጭቆ ከዚያ ያነሰ ነው። ከቶ የሚሻለው በሚዛን መመዘን ነው፤ አንድ የእነርሱ ኩባያ ዱቄት 125 ግራም ያህል ይመዝናል። እነርሱ የምድጃውን ሙቀት 350 ሲሉም በፋራንሃይት ማለታቸው ነውና በእኛ ሴንቲግሬድ 177 ይሆናል። ቅቤ ሲሉም ለወጥ በቅመም የተነጠረውን ሳይሆን ለጋውን ነው።

በጾም ወራትም ሙያው መቆም የለበትም። በፈረንጆች 1930ዎቹ ዓመታት በነበረው ችግርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ እመቤቶች ያለ እንቍላል፥ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ኬክ ይጋግሩ ነበር። ሶዳና ኮምጣጤ ሲገናኙ የሚወጣው አረፋ ሊጡን ያነሣዋል፤ በቅቤው ፈንታም ዘይት ይገባል። አረፋው እንዳይጠፋ ግን ሊጡ እንደ ተቀላቀለ ወዲያው ወደ ምድጃ መግባት አለበት።

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» እንደሚባለው ጌጡም አይናቅም። ኬኩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክሬም አይቀባም፤ ይቀልጣልና። በመጀመሪያ ስስ ክሬም ቀብቶ ፍርፋሪውን ማስያዝ፥ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለተኛውን መደረብ ነው። የአበባውን ቅርጽ ለመለማመድ በትሪ ጀርባ ላይ እየጨመቁ፥ ክሬሙን እየጠረጉ ወደ ከረጢቱ መመለስ ይቻላል፤ እንዲህ ከተደረገ ምንም አይባክንም።

በመጨረሻም የሚታየው ሁሉ እውነት አይደለም። አን ሪርደን የተባለች አውስትራልያዊት የምግብ ሳይንስ ባለሙያ በፈረንጆች 2011 ዓመት የጀመረችው የቪዲዮ ትምህርት አላት፤ በዚሁም ብዙ ሰው የተመለከታቸውን አንዳንድ አሠራሮች በወጥ ቤትዋ ፈትና የማይሆኑ መሆናቸውን አሳይታለች። ስለዚህ ዳኛ የአንዱን ምስክር ቃል ከሌላው ጋር እንደሚያመዛዝን፥ ተማሪዋም የሁለት ሦስት ባለሙያዎችን አሠራር ታስተያይ።

እናንተም ልጆቻችሁን የምታሳድጉ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ የመጀመሪያው ኬክ ቢወድቅባት አትገሥጹአት። ይልቁንስ አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ግዙላት። በየጊዜው ያገባችውን ልክ፥ የምድጃውን ሙቀትና የወጣውን ውጤት ትጻፍበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ደብተር ለቡኢ አየር የተስማማ፥ በየትኛውም ቪዲዮ የማይገኝ የራስዋ መጽሐፍ ይሆንላታል፤ ለታናናሽ እኅቶችዋም ታስተምርበታለች።